የዲንቄ ጥያቄ

«ተገዝቶ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?»

ሹክሹክታው የመጣው ከድንኳኑ ጥግ፣ ከሴቶቹ አግዳሚ በኩል ነው። ሹክሹክታ ይባል እንጂ ቃሊቲ ድረስ ይሰማ ነበር። ሥርጉት ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ጆሮዋ ቆመ። ባሏ የሺዋስ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ የመቃብሩ አፈር እንኳ አልደረቀም። እነዚህ ግን ንፍሮዋን እየቃሙ ስሙን ያኝኩታል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» አለች ሌላዋ፣ «አራት ዓመት ሙሉ ምክር ቤት ገብቶ መንግሥትን ሲሞግት የኖረ ሰው፣ የእኛ ጉዳይ ሲደርስ አፉን ምን ያዘው? ኮንዶሚኒየም ሰጥተውት ነው አሉ። ገላን፣ ሁለት መኝታ።»

ገላን! ሁለት መኝታ! የሺዋስ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ በሚደረደርበት የቀበሌ ቤት ነው። የተከበሩ ከተባለ በኋላም ታክሲ እየተጋፋ ነበር የሚሄደው። ሰው ግን ምን አለበት? አፍ እንደሆነ ግብር አይከፍልም።

ከሴቶቹ መካከል አንዲቷ ብቻ አትናገርም። ዲንቄ ትባላለች፤ አትክልት ቸርቻሪ ናት። ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ባለው ሰፈር አሥራ ሰባት ዓመት የኖረችበት ቤት ከሦስት ሳምንት በፊት በዶዘር ፈርሶባታል። ትናንት ቀብሩ ላይ ነበረች፣ ዛሬም አለች። አታለቅስም። «እግዜር ያጽናሽ» እንኳ አላለችም። መጥታ ከሥርጉት ፊት ለፊት ትቀመጥና ዓይኗን ትተክልባታለች። ሥርጉትን ከሐሜቱ ሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ያ ዓይን ነው፤ ምክንያቱም የሺዋስ ስለ ቤቶቹ መፍረስ ለምን ዝም እንዳለ የምታውቅ፣ ከአፈር በላይ ሥርጉት ብቻ ነበረች።

የሺዋስ የሒሳብ መምህር ነበር። ሰፈሩ ነው ተሰብስቦ «አንተ ተናገርልን» ብሎ የላከው። ያ ሁሉ ወንበር በተደረደረበት አዳራሽ የተቃዋሚዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ለዚያች ሦስት ደቂቃ ሳምንቱን ሙሉ ይዘጋጃል። እየጻፈ እየሰረዘ፣ ኩሽና ድረስ ተከትሏት ያነብላታል።

«ሥርጉት፣ ‹በሕዝቡ ላይ አላገጣችሁ› ብል ይከብዳል እንዴ?»

«ኧረ ሽንኩርቱ አረረብኝ፣ ዞር በልልኝ!» ትለዋለች። ጆሮዋ ግን እሱ ጋ ነው። «አይከብድም። እንዲያውም ጨምርበት።»

ስለ ወንዙ ግማት ጠየቀ። ስለ መድኃኒት እጦት ጠየቀ። አፈ ጉባኤው «የተከበሩ የሺዋስ፣ ሰዓትዎን ይጠብቁ» ቢሉት፣ «ሰዓቴንማ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ማይኩ ሲጠፋበት በባዶ ድምፁ ይቀጥላል። ሥርጉት ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ «በላቸው! የኔ አንበሳ!» ትላለች።

ከአንድ ወር በፊት ዲንቄ በሩን አንኳኳች። ቤቶቻቸው ላይ የማፍረሻ ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

«ጋሼ የሺዋስ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ። ምትክ ሳይሰጠን ልጆቻችንን ይዘን የት እንግባ? ይህችን ብቻ።»

«እጠይቃለሁ» አላት። የሺዋስ እጠይቃለሁ ካለ አለቀ፤ ዲንቄ መርቃው ሄደች።

በሦስተኛው ቀን የሥርጉት ስልክ ጮኸ። የሰውዬው ድምፅ ጨዋ ነበር። «እናቴ፣ ልጅዎ ሚራክል ጤና ጣቢያ ተቀጠረች አይደል? እንኳን ደስ አለዎት። የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም አሉ። ባለቤትዎን ይምከሩ እንጂ።» ስልኩ ተዘጋ።

ሥርጉት ባሏ እግር ላይ ወደቀች። «አፈር ስሆንልህ፣ ይህችን አንዷን ተዋት! ሌላውን ሁሉ ጠይቅ። አንድ ልጅ ናት ያለችን።» እንደ ልማዱ ይከራከረኛል ብላ ነበር። አልተከራከራትም። ከመሬት አነሣት፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፣ ከዚያም ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠው።

በማግስቱ ተነሥቶ ስለ መንገድ መብራት ጠየቀ። ስለ መንገድ መብራት! በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አጨበጨቡለት። በሳምንቱ ዶዘሩ መጣ። ከዚያ ወዲያ የሺዋስ በእነ ዲንቄ ሰፈር ማለፍ ትቶ በአስፋልቱ ዞሮ ይገባ ጀመር። በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ሳሪስ ላይ ታክሲ እንደተሰለፈ ወደቀ። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ። ሐኪሙ ምን ያውቃል!

ሐሜቱን በሰማችበት ቀን ማታ፣ ሰው ሲቀልላት ታላቅ ወንድሟን ፍቅሩን ጠርታ ሁሉንም ነገረችው። «እናገራለሁ፤ ነገ ሠልስቱ ላይ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» አለችው።

ፍቅሩ ሚራክል እንዳትሰማ ግራ ቀኙን አየ። «አብደሻል? ነገ ድንኳኑ ይነሣል፣ ወሬውም አብሮ ይነሣል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሆድ ይፍጀው በይ።»

«ስሙስ?»

«ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል? ይልቅ ለልጅሽ እንጀራ አስቢ።»

«ሆዴማ ፈጀኝ እኮ፣ ፍቅሩ» አለች። እሱ ግን ተነሥቶ ወንበር መደርደር ጀምሮ ነበር።

ሠልስቱ ላይ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ጢም አለ። ቀትር ላይ ሁለት መኪኖች ቆሙ፤ አንድ ባለሥልጣን ጉንጉን አበባ አስይዞ፣ ካሜራ አስከትሎ ገባ። የእድሩ ዳኛ አቶ ለሜሳ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው አይመለስም። ወንበር ተለቀቀለት፣ የማጽናኛ ቃል እንዲናገርም ተፈቀደለት።

«የተከበሩ አቶ የሺዋስ» አለ ሰውዬው ወደ ካሜራው እያየ፣ «በመጨረሻ ዘመናቸው ከጩኸት ይልቅ መግባባትን መርጠው፣ ለአካባቢያቸው ልማት፣ ለመንገድ መብራት ሳይቀር ከመንግሥታቸው ጎን የቆሙ አስተዋይ ሰው ነበሩ።»

«አላልኳችሁም?» የሚል ትንፋሽ ከሴቶቹ በኩል ተሰማ።

የሥርጉት ደም ፈላ። ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሣም፤ እሷ ግን ተነሣች። ፍቅሩ ነጠላዋን ያዛት።

«ልቀቀኝ! ጌታዬ፣ ጨርሰዋል? አሁን እኔን ይስሙኝ። ባሌ ከእናንተ ጋር አልተግባባም። ባሌን እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት። ስልክ ተደውሎ በልጄ አስፈራሩኝ፤ እግሩ ላይ ወድቄ አስተውኩት። እናንተም ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ቤቱ ይኸው፣ ግቡና ባልዲውን ቁጠሩት! ስም ማጥፋት ካማራችሁ የእኔን አጥፉ።»

ሚራክል እናቷን አፏን ከፍታ ታያለች። ሥርጉት አላበቃችም።

«እሱ ሊጠይቅ የነበረውን እኔ ልጠይቅዎት። እነ ዲንቄ ምትክ ሳይሰጣቸው፣ ልጆቻቸውን ይዘው የት ይግቡ?»

«ወይዘሮ ሥርጉት፣ ሐዘን ላይ ነዎት፤ ይገባኛል» አለ ባለሥልጣኑ ድምፁን አለስልሶ። «ግን ቦታው አይደለም።»

«ቦታው የት ነው ታዲያ? እዚያ ማይክ ታጠፋላችሁ፣ እዚህ ቦታው አይደለም ትላላችሁ። ሰማይ ቤት ነው የምንጠይቃችሁ?»

ሰውዬው ስልኩን አየና ተነሣ። አቶ ለሜሳ በዱላቸው ተደግፈው መውጫው ላይ ቆሙ። በሰማንያ ዓመታቸው ባለሥልጣን ተናግረው አያውቁም። «ጥያቄው አልተመለሰም እኮ፣ ጌታው» አሉት።

«በቢሮ በኩል ይምጡ፣ አባት» ብሎ አለፋቸው። መኪኖቹ አቧራ አልብሰዋቸው ሄዱ።

«እማዬ፣ በእኔ ነው?» ሚራክል ጮኸች። «በእኔ እንጀራ? ሥራው ገደል ይግባ! አባባን ከምትለምኚው እኔን አትጠይቂኝም ነበር?» ፊቷን በእጇ ሸፍና ወደ ቤት ሮጠች። ሥርጉት ልትከተላት ዞር ስትል ዲንቄ ፊቷ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቢጠይቁልኝ ኖሮ ቤቴ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም፣ ዲንቄ።»

«እኔም አላውቅም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ፤ እንዳላውቅ አደረግሽኝ!» ዲንቄ ደረቷን መታች። «ሦስት ቀን እዚህ የተቀመጥኩት ለማልቀስ መስሎሻል? እኚህን ሰው ስረግም ነው የሰነበትኩት። ሬሳ አስረገምሽኝ፣ እትዬ ሥርጉት!» ይህን ብላ ወደ አግዳሚዋ ተመለሰች፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው። ማንም ሊያባብላት አልደፈረም።

ከሴቶቹ አንዷ ጭንቁን ለማብረድ ይመስል «በሉ፣ እህል ቅመሱ» አለች። ጎረቤት ያመጣው ምግብ ቀረበ፤ አንዲት ሴት የእጅ ውሃ ይዛ ብቅ አለች። ሥርጉት ጆጉንና ማስታጠቢያውን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ሐዘንተኛ እጅ ታስታጥባለች እንዴ? ቁጭ በይ!» ሴቶቹ ተንጫጩ። ፍቅሩም መጣ። ማንንም አልሰማችም። ታላላቆቹን ሁሉ አልፋ ዲንቄ ፊት ጎንበስ አለች።

ዲንቄ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ እንደሸሸገች ቆየች። ሥርጉትም እንደጎነበሰች ቆየች። ጆጉ ዘንበል ብሎ ውሃው ማስታጠቢያው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዲንቄ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ አንድ እጇን ዘረጋች። አንዱን ብቻ። ሥርጉት እሱኑ አጠበችላት።