በሐዋ ቤት ስንት ሰው ያድራል

በሺር እንየውን መጥላት የጀመረበትን ቀን ያውቀዋል። ዶክተር ብሩ የእንየውን ቅጽ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው፣ «ተመልከት በሺር፣ ጥናት ማለት ይኼ ነው» ያሉት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ጥላቻ አልነበረም፤ እንዲያው ሰውየው ሲስቅ ጥርሱ አይጥመውም ነበር እንጂ።

ጊዜው የ1979 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዶክተሩ ከአዲስ አበባ የመጡት የቃሉ ወረዳን ገበሬ ጉልበት ሊያጠኑ ነበር፤ በየቤቱ ስንት ሰው አለ፣ ማን ያርሳል፣ ማን ያርማል። ደሴ ፒያሳ ላይ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ ሁለት ክፍሎች ተከራይተው ሁለት ረዳት ቀጠሩ። ከሁለቱ አንዱ መስከረም ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ምሥራቅ ጀርመን ይሄዳል። የሚመርጡት ዶክተሩ ናቸው። በሺር ይኼን ከሰማበት ቀን ወዲህ እህል ሲቀምስም፣ ሲሰግድም፣ ያቺን አንዲት ወንበር ነበር የሚያስበው።

ደግሞስ ለምን አያስብ? በሺር የሐርቡ ልጅ ነው። አባቱ ሐርቡ ገበያ ጨው ሲቸረችር ያሳደገው፣ የአገሩን ሰው ከነዘሩ የሚያውቅ። እንየው ደግሞ የደላንታ ደጋ ሰው፣ የቄስ ልጅ፣ ማሽላ ሲያብብ እንኳ እዚህ መጥቶ ያየ። የቆላው ሰው ሆዱን ይገልጣል ከተባለ የሚገልጠው ለገዛ ልጁ አልነበረም?

አሠራራቸውም ለየቅል ነው። በሺር ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ፣ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ሰይድን አስቀድሞ፣ በቀን ስድስት ቤት ይጨርሳል። እንየው ባንድ ቤት ቀኑን ሙሉ ይውላል። ቅጹን ከቦርሳው አያወጣም፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ከባለቤቶቹ ጋር አረም ያርማል፣ የሰጡትን ይበላል፣ ማታ ማረፊያው ሲገባ ይጽፋል። በሺር «እየበላ የሚያጠና» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። እንየው ሲሰማ ሳቀ። ያ ሳቁ ነው እንግዲህ።

ነሐሴ ሲገባ ቅጾቹ ተደመሩ፤ ጉዱም ያኔ ወጣ። በሺር ከጠየቃቸው መቶ ሠላሳ ቤቶች ውስጥ የተገኙት ወጣት ወንዶች አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁሉ «ወደ አሰብ የሄደ» ተብለው ተመዝግበዋል። በበሺር ቅጽ ቢሆን ኖሮ የአሰብ ወደብ የቃሉን ጎረምሳ አስቀምጦ ለመርከብ ማስጠጊያ ባጣ ነበር። እንየው ግን በስድሳ ቤት ዘጠና ሰባት ወጣት አግኝቷል፤ ከነስማቸው፣ ከነዕድሜያቸው።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ወረዳ፣ አንድ ቅጽ» አሉ። «እውነት ማለት እኔም ሄጄ ብጠይቅ፣ አንተም ሄደህ ብትጠይቅ፣ ያው የሚመለስ ነው። በጠያቂው ልክ የሚለዋወጥ ከሆነ እሱ ወሬ ነው።»

«ጠያቂውስ ዶክተር?» አለ እንየው። «ተጠያቂው እኮ ማን እንደ ጠየቀው ያያል።»

«በሳይንስ ጠያቂው የለም ብለን ነው የምንነሳው» አሉና፣ ከእንየው ቅጾች አምስቱን መዝዘው ለበሺር ሰጡት። እንደገና እንዲጠይቅ።

በሺር ደረጃውን ሲወርድ እንየው ተከተለው። «በሺር፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ሰይድን ይዘህ አትሂድ።»

«ለምን?»

እንየው ዞሮ ወደ ዶክተሩ በር አየ። «ብቻህን ሂድ ነው የምልህ።»

ፈራ፣ አለ በሺር በልቡ፤ ደስታው እስከ ጉሮሮው ደረሰ። ያን ዓመት በየቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የልጅ ኮታ ይሞላ ነበር፤ የሚሞላው ደግሞ ሊቀመንበሩ ነው። ይኼን የሚያህል ነገር እንዴት አልገባውም የሚል ሰው ካለ፣ ቀንቶ የማያውቅ ነው። ቅናት ዐይን አያጠፋም፤ የሚያየውን ይመርጣል እንጂ። በማግስቱ በሺር ሰይድን ይዞ ሄደ።

የመጀመሪያው ቤት የሐዋ ነበር፤ ከሐርቡ በታች፣ በማሽላ የተከበበ ቤት። ሐዋ ባሏ የሞተባት፣ ፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነ ሴት ናት። እንየው ቅጹ ላይ አምስት ልጆች ጽፏል፤ ጣይባና መርየም ሴቶች፣ እንድሪስ፣ ይማምና ሙሄ ወንዶች። ሦስቱም እቤት የሚያድሩ፣ ሦስቱም አራሾች።

ሰላምታው አለቀና በሺር ብዕሩን አወጣ። «እቴቴ፣ በዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?»

ሐዋ በሺርን አላየችም። ያየችው ሰይድን ነው። «ሦስት። እኔና ሁለቱ ሴቶች።»

«ወንዶቹስ?»

«አሰብ ናቸው ልጄ። ከሄዱ ሁለት ዓመት ሞላቸው። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ወሬያቸውን እንኳ አልሰማሁ።»

ይኼ በቂ ነበር። በሺር ግን መልሱን እንደ ድንጋይ አጠንክሮ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ፈለገ። «ወላሂ በሉኝ እስቲ» አላት።

ሰይድ እንኳ ቀና ብሎ አየው። ሐዋ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች፤ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ «ወላሂ» አለች። በሺር ከመልሱ ጎን «በመሐላ የተረጋገጠ» ብሎ ጻፈ። የቀሩት አራቱ ቤቶችም እንደዚያው ሆኑ፤ መሐላ ግን አልጠየቀም። አንዱ ይበቃዋል።

ሰይድ ስብሰባ ነበረበትና ተለየው። በሺር መኪና ለመያዝ ብቻውን ወደ ሐርቡ ሲመለስ፣ መንገድ ለማሳጠር የሐዋን ማሽላ መሀል ለመሀል ገባበት። ማሽላው ከራሱ በላይ ነው። መሀል ላይ የወንድ ሳቅ ሰማ። ቆመ። ሦስት ጎረምሶች አጎንብሰው ያርማሉ፤ ጧት እቤት ያያት መርየም የምሳ ሰፌድ ይዛ፣ «እንድሪስ፣ ኑ ብሉ እንጂ» ትላለች።

አዩት። ሳቁ ተቋረጠ። መርየም ሰፌዱን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ትልቁ ቀና ሲል ፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው። «አብሽር ወንድሜ» አለ። «እኛ የቀን ሠራተኞች ነን። ከቢስቲማ ነው የመጣነው።»

«አላህ ያግዛችሁ» አለ በሺር፤ አለፈ።

በሺር አላዘነም። እንየው ልክ ነበር፤ የነደደው በዚህ ነው። የበሺር መቶ ሠላሳ ቅጽ በሙሉ ሰይድን ያዩ ሰዎች የተናገሩት ነው፤ ገደል ይግባ። የገዛ አገሩ ሰው እሱን ዋሽቶ ለደገኛው ነው እውነቱን የሰጠው። ለምንድን ነው ለሱ የሰጡት? ምን አለው? እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ዳገቱን እስከ ደሴ፣ ይኼንኑ ሲያኝክ ዋለ። በማግስቱ ለዶክተሩ የሰጣቸው ግን የሐዋን መሐላ ነው። ማሽላው ውስጥ ስላየው ትንፍሽ አላለም።

ዶክተሩ በገዛ ዐይናቸው ካላዩ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ረዳቶች በላንድሮቨር ጭነው፣ ሰይድን ከመንገድ ጨምረው፣ ሐዋ ደጅ ቆሙ። ጥያቄው ያው፣ መልሱም ያው ሆነ፤ ሦስት። ዶክተሩ ወደ እንየው ዞሩ።

«እነዚህን ሦስት ወንዶች ከየት አመጣሃቸው?»

ከደጁ እስከ ማሽላው መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እንየው እጁን ቢዘረጋ ክብሩም፣ ዲግሪውም፣ ጀርመንም የሱ ናቸው። ሐዋ ትንፋሿን ይዛለች። ሰይድ በዱላው መሬት ይጭራል። እንየው መጀመሪያ ሐዋን አየ፤ ቀጥሎ በሺርን፣ ረዘም አድርጎ። ከዚያ፣ «ከራሴ ነው የጻፍኩት ዶክተር» አለ። «ዝናቡ መንገድ ዘግቶኝ የሄድኩ አስመስዬ ሞላሁት።»

«ስድሳውንም?»

«ስድሳውንም።»

ዶክተሩ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ቅጾቹን ከእንየው ተቀብለው ለሁለት ቀደዷቸውና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ሲመለሱ ኮምቦልቻ አንድ ሻይ ቤት ወረዱ። እንየው አልገባም፤ ከመኪናው አጠገብ ጫማውን ከጭቃ ይጠርጋል። ሰይድም ከመንገድ ወርዷል። ጠረጴዛው ላይ ዶክተሩና በሺር ብቻ ናቸው። ዶክተር ብሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሹክሹክታ ቢነገራቸው ሹክሹክታውን ይዘውት ይቀበሩ ነበር። በሺር ይኼን ያውቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚበቃው፤ «ዶክተር፣ ልጆቹን አይቻቸዋለሁ።»

«መስከረም ላይ ትሄዳለህ» አሉት ዶክተሩ። «ሰነድህን አዘጋጅ።»

በሺር ቦምቦሊኖውን ሻዩ ውስጥ ነከረ። «አመሰግናለሁ ዶክተር» አለ።

የሚሄድበት ቀን ጧት ደሴ አውቶቡስ ተራ ሻንጣውን ሲያስጭን እንየው መጣ። ከሥራ ከተባረረ ወር አልፎታል፤ ወደ ደላንታ ሊመለስ ነው። በሺር ሊሰድበኝ ነው የመጣው ብሎ ልቡን አጠነከረ፤ መልሱንም አዘጋጀ።

እንየው ግን አቀፈው። «ሳልነግርህ እንዳትሄድ ብዬ ነው የገሰገስኩት» አለ። «ይቅር በለኝ በሺር። ያን ቀን ደጁ ላይ ትናገራለህ ብዬ ጠርጥሬህ ነበር። ማሽላው ውስጥ እንዳየሃቸው እንድሪስ በማግስቱ ሰው ልኮብኝ ነበር እኮ። ሰይድ አጠገብህ ቆሞ፣ አንድ ቃል ብታወጣ ሦስቱም አልቆላቸው ነበር። ዝም አልክላቸው።»

በሺር ዞሮ ሻንጣው መታሰሩን አየ።

«እንድሪስ ሰውየው አይቶ እንዳላየ አለፈን ብሎ ለናቱ ነግሯታል» አለ እንየው። «ትናንት ልሰናበታት ሄጄ ላንተ ምርቃት ላከችብኝ። ‹ወላሂ ያስባለኝን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ለልጆቼ እንደሆነላቸው አላህ ይሁንለት› ብላለች። አሚን በል እንጂ።»

ረዳቱ በሩን እየደበደበ ተሳፋሪ ይጠራል። እንየው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

«አሚን» አለ በሺር።

ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። እንየው ከታች እጁን አወዛወዘለት። አውቶቡሱ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ሲያዘነብል በሺር የሐዋን ምርቃት ደጋግሞ በልቡ አለው፤ ለልጆቹ የሆነላቸውን ሰው ፊት ሊያስበው ሞከረ። እናትየው በመስገጃዋ ላይ በስሙ የምትጠራው፣ እንየው የሚያቅፈው ያ በሺር ደግ ሰው ነው። በሺር በዕድሜው እንደዚያኛው በሺር የቀናበት ሰው አልነበረም።