የክቡ ጠረጴዛ ደንበኞች

«መጽናናቱን ይስጥሽ፣ እህቴ። ትንሽ ቆየት ቢልም ሐዘን አያረጅም» አለች እንግዳዋ፣ ሁለት እጇን አጋጥማ እስከ ግንባሯ ከፍ አድርጋ።

ማሊዋን በጨርቅ ማጥለያው ቡና እያጠለለች ነበርና ዘወር አለች። «የምን ሐዘን?»

«የእናትሽ ነዋ። የቤቱ ባለቤት።»

«እናቴ ስትሞት አንቺ ጡትም አልጣልሽ!»

«ታዲያ እትዬ ማሊዋን የሚሏቸው…»

«እኔ ነኝ።»

እንግዳዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ የማሊዋንን እግር አየች። ሙት ከሆነች እግሯ መሬት አይነካም ብላ ይሆናል። እግሩ ግን ነጠላ ጫማው ውስጥ እንደ ወትሮው አባብጦ ቆሟል።

ፒምፓ ትባላለች። ባንኮክ ላደገ የትራንግ ሰው ልጅ የተዳረች የባንኮክ ሴት ናት፤ ከአምና ጀምሮ የአያት መቃብር በሚጸዳበት ሰሞን ከባሏ ዘመዶች ጋር ትመጣለች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገሩን ዘረገፈችው።

«አምና ከባቡር እንደወረድን ቁርስ የት እንብላ ብለን ጠየቅን። አማቴ ‹የማሊዋንን ዳቦ ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ› ብላን ነበር። አንዱ ባለ ባጃጅ፣ ‹ምስኪን፣ አርፋለች፤ ቤቱም ተዘግቷል› አለንና ከገበያው ጀርባ ወዳለው አዲሱ ቤት ወሰደን። ዛሬ በእግሬ ሳልፍ የቡናው ሽታ ጠርቶኝ፣ በሩ ላይ ስሙን አንብቤ ነው እንጂ እኔማ ቤቱ መኖሩንም አላውቅ።»

«ምን የመሰለ ሰው ነው?»

«ወፍራም ነው። አንገቱ ላይ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክታብ አንጠልጥሏል። ደግሞ ሆደ ቡቡ ነገር ነው፤ ስለ እርስዎ ሲያወራ እንባውን ጠረገ።»

«እንባም ጠረገ?» አለች ማሊዋን። ሌላ አልጠየቀችም። እንዲያ ያለ ክታብ በትራንግ አንድ አንገት ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ያ አንገት ደግሞ በየማለዳው እዚህ ቤት ቡና ይወርድበታል።

ትኩስ ዳቦ ከእንፋሎቱ አውጥታ፣ ጥብሱን ከትፋ፣ ቡናውን በጣፋጭ ወተት አድርጋ አቀረበችላት። ፒምፓ አንዱን በላች፣ ሁለተኛውን በላች፣ ሦስተኛውን በእጇ ይዛ ተነሳች። «ሰዎቼ ሆቴል ተኝተዋል። ልቀስቅሳቸውና ልምጣ!» ብላ ወጣች።

ማሊዋን ብቻዋን ቀረች፤ ማጥለያው እጇ ላይ እየተንጠባጠበ።

ትራንግ ማለት በታይላንድ ደቡብ ያለች፣ ሰው ቁርስ ሁለቴ በልቶ እስከ ምሳ ስለ ቁርስ የሚያወራባት ከተማ ናት። ከሩቅ የሚመጣውም ለዚሁ ነው የሚመጣው። የማሊዋን ቤት ደግሞ ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። ሆኖም እንግዳ ከደጇ ከራቀ ከራርሟል። በመጀመሪያ ጊዜው ነው አለች። ቀጥላ ቡናውን ጠረጠረችና የሚቆላላትን ሰው ለወጠች። ከዚያ ዳቦውን ጠረጠረች። በመጨረሻ የራሷን እጅ ጠረጠረች። ሙያዋ ከእናቷ የወረደ ነው፤ ያ ሙያ ከእጇ ጠፋ ብላ ስታስብ ዱቄቱ ላይ ተደፍታ ያለቀሰችባቸው ማለዳዎች ነበሩ። ጠረጴዛዎቹን ከነወንበራቸው ለአንዲት ኑድል ሻጭ ሸጠቻቸው። የቀረው መሃል ላይ ያለው ትልቁ ክብ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ቤቱን ባለንብረቱ ለስልክ መሸጫ ፈልጎታል። ማሊዋንም «ዛሬ ማታ መልሴን እነግርሃለሁ» ብላዋለች፤ መልሷም «ውሰደው» ነበር።

የየማለዳው ደንበኞቿ ሲመጡ ወፏ ቀድማ ተሰማች። ሄንግ የምትዘፍን ወፉን ከነሽቦ ጎጆዋ አንጠልጥሎ ገባና ከክቡ ጠረጴዛ በላይ ካለው ሜንጦ ላይ ሰቀላት። ከኋላው ጡረተኛው የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ጋሽ ቻሮን ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ገባ። መጨረሻ ላይ ኮሶን ባጃጁን ደጁ ላይ አቁሞ፣ ክታቡን እያወዛወዘ መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬስ ደስ የሚል ንፋስ አለ። እነዚያ ጠረጴዛዎች ከወጡ ወዲህ ቤቱ እንዴት ተነፈሰ!» አለ ኮሶን እየተቀመጠ።

ማሊዋን ቡናቸውን አላቀረበችም። አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

«ኮሶን፣ መቼ ነው የሞትኩት?»

ጋሽ ቻሮን ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ዘረጋ። ሄንግ ቀና ብሎ ወፉን ማየት ጀመረ።

«ምን ማለትሽ ነው እትዬ? በጠዋት የምን ሟርት ነው?»

«ሟርቱስ ያንተ ነው። አምና ለእንግዶች ስትነግር አልቅሰሃል አሉ። ከልብህ ነበር?»

«ሰው ያወራል…»

«በቃ ንገራት እንግዲህ» አለ ሄንግ ዓይኑን ከወፉ ሳያነሳ። «እኔ ያኔም ሞት አይባልም፣ ነውር ነው ብያለሁ። ተዘግቷል መባሉ ይበቃ ነበር።»

«ሄንግ! አፍህን ዝጋ!»

«አሃ፣ አንተም አለህበት» አለች ማሊዋን።

ኮሶን ላቡን በእጁ ጠረገ። «በመጀመሪያ ተዘግቷል ነበር የምላቸው። ሰዎቹ ግን ችኮ ናቸው እትዬ፤ ‹እንግዲያው ነገ እንመጣለን› ይላሉ። ሞት ግን ነገ የለውም።»

«ጋሽ ቻሮን፣ አንተስ? ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠህ የምትውለው አንተ ነህ።»

ጋዜጣው ዝቅ አለ። «ተይ ማሊ፣ እንደ ክፋት አትይው። ያ የበዓል ሰሞን ትዝ ይልሻል? እንግዳ ቤቱን ሞልቶት እኛ ቆመን የጠጣን ጊዜ? ዳቦው ሳይደርሰን አለቀ። ፎቶ ያነሳሉ፣ ልጆቻቸው ጎጆውን ይነቀንቃሉ…»

«ወፌ ሳምንት ሙሉ አፏን አልከፈተችም!» አለ ሄንግ፤ ዛሬም ቁስሉ አልሻረም።

«እናም ተመካከራችሁ።»

«ይቺ ቤት የኛ ናት ብለን ነው» አለ ኮሶን። «ስለምንወድሽ ነው እትዬ። የወደዱትን ነገር ለሰው ያሳያሉ?»

ማሊዋን ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያስቅ ነገር ያየ ሰው ሳቅ አልነበረም። ከተሸጡት ወንበሮች የተረፈውን አንዱን ስባ ተቀመጠችና ጋሽ ቻሮንን ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ሰው ሄደ፣ ችግሩ ምንድነው ብዬ በየቀኑ አስቀምሼሃለሁ። ረስተኸዋል? ሲኒውን አጣጥመህ ምን ነበር ያልከኝ?»

ጋሽ ቻሮን ጋዜጣውን አጣጠፈ።

«‹ትንሽ ቀጥኗል መሰለኝ› አልከኝ። ቀጥኖ ነበር?»

«አልቀጠነም» አለ ጋሽ ቻሮን ቀስ ብሎ። «ስትጠይቂኝ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።»

«ቀጥኗል ስትለኝ ቡናውን ቀየርኩ። ዳቦውን ቀምሰህ ፊትህን ቅጭም ስታደርግብኝ እሱንም ቀየርኩ። ማታ ማታ እጄን እያየሁ፣ ምን ነካህ እለው ነበር፣ እንደ እብድ። እናንተ ደግሞ በነጋታው እዚሁ ተቀምጣችሁ፣ ‹አይዞሽ፣ ጊዜው ነው› ትሉኛላችሁ። ጠላትማ ቢሆን ባወቅኩት። ጠላት ቡናዬን አይጠጣም።»

ወፏ አንዴ ፉጨቷን ለቀቀችው፤ ሄንግ እንደ ማፈር ብሎ ጎጆውን በጨርቅ ሸፈነ።

«ቤቱንም ልለቅ ነው» አለች። «ጠረጴዛዎቹን ንፋስ እንዲገባላችሁ የሸጥኩ መሰላችሁ? ማታ ባለንብረቱ መልስ ይጠብቃል።»

ኮሶን ብድግ ሊል ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። «ልትለቂ? ይሄን ያህል ነገር ሲሆን ሳትነግሪን? እንዲህ ነው ወዳጅነት?» ድምፁ በእውነት የተከዳ ሰው ድምፅ ነበር።

በዚህ መሃል ደጁ ላይ ጫጫታ ሆነ። ፒምፓ ሰዎቿን አስከትላ መጥታለች፤ ባሏ፣ ወንድሞቹ ከነሚስቶቻቸው፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት፣ እንቅልፍ ያልጠገቡ ልጆች። አንገታቸውን አስግገው ያለውን አንዱን ጠረጴዛ ያያሉ። ከሰዎቹ አንዱ የኮሶንን ክታብ አየና ሚስቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

ኮሶንም አያቸው። ፊቱ ደም መሰለ። እጁን ክታቡ ላይ ጫነና እየማለ ለፈለፈ፤ «እትዬ፣ ይኸው በዚህ! ከዛሬ ጀምሮ ከባቡር የወረደውን ሁሉ ጠራርጌ እዚህ ነው የማራግፈው! ለባለንብረቱም እምቢ በይው። እኛ አለንልሽ!»

«አለንልሽ» አለ ጋሽ ቻሮን።

«እንግዳ ክቡር ነው» አለ ሄንግም፣ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ።

ማሊዋን ደጅ የቆሙትን አየች፣ የተቀመጡትን አየች፣ ማጥለያውን ከምንቸቱ ላይ አነሳች።

«ደግ ነው» አለች። «ታዲያ ማንኛችሁ ነው ቀድሞ የሚነሳው?»