አሥር ፍሬ ኪኒን

ሸፊቃና ዩሩብ ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለያይተው አሥራ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ሁለቱም ቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሎሚ ይሸጡ ነበር። የዩሩብ ልጅ ሙኒያ ሸፊቃን እንደ አክስቷ «ኢዶ» እያለች ነው ያደገችው።

በግንቦት ሙቀት አንድ ቀን ዩሩብ ገበያ መሃል ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። «ልቤ እየዘለለ እንቅልፍ ነሳኝ» አለች።

«ሐኪም ቤት ሂጂ» አለቻት ሸፊቃ።

«አቦ ተይኝ! ካርድ፣ ምርመራ፣ ከዚያ ደግሞ መድኃኒት። በምኔ?»

ሸፊቃ ለልብ ምቷ የታዘዘላት ኪኒን ነበራት። ከእሽጉ አሥር ፍሬ ቆርጣ ሰጠቻት። «የእኔም እንዲሁ ነበር የጀመረኝ። ጠዋትና ማታ ዋጪ፤ ዋላሂ ይተውሻል።»

ዩሩብ አስም እንዳለባት ሸፊቃ ታውቅ ነበር። ግቢው በሙሉ ያውቃል። ግን ያ የደረት ነው፣ ይሄ የልብ ነው፤ ምን ያገናኘዋል ብላ አሰበች።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ዩሩብን ትንፋሽ አጠራት። በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ደጋግማ ሳበች፤ ሌላ ጊዜ ወዲያው የሚያሽላት፣ ያን ቀን ምንም አላደረገላትም። ሙኒያና ሸፊቃ በባጃጅ ደግፈው ሆስፒታል አደረሷት። ሐኪሙ ኦክስጅን እየሰጣት «ሰሞኑን የጀመረችው አዲስ መድኃኒት አለ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም» አለች ሙኒያ።

ሸፊቃ አጠገቧ ቆማ ነበር። ኪኒን ሰጥቻታለሁ ማለት አሳፈራት፤ የሚጠቅም ነገርም አልመሰላትም። ዝም አለች። ዩሩብ የአሱር ሶላት ሳይደርስ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ሸፊቃ ከግድግዳው ወዲያ ትንፋሽ ትሰማ ጀመር፤ ቀጭን፣ ፉጨት ያለበት፣ የዩሩብ ትንፋሽ። ሙኒያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ላይ ስትሆን፣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሬዲዮ ብትከፍት ከሬዲዮው በላይ ይሰማታል። ቁርዓን አስቀራች። አንድ ቀን «ዩሩብ?» ብላ ተጣራች። ትንፋሹ ቀጥ አለ፤ ስሙ የተጠራ ሰው ጆሮውን አቁሞ እንደሚጠብቅ ሁሉ።

ኪኒኗ ከጊዜው ቀድሞ ስላለቀባት መድኃኒት ቤት ሄደች። አዲሷ ባለሙያ ኑርሀን የማዘዣ ወረቀቱን አይታ «እናቴ፣ አስም አለብሽ እንዴ?» አለቻት።

«የለብኝም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ይሄ አስም ላለበት ሰው አይሆንም። የአየር ቧንቧውን ያጠብበታል፤ የሚሳበውንም መድኃኒት እንዳይሠራ ያደርገዋል። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ።»

ሸፊቃ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «አንዲት ሴት ብትውጠው... ሐኪሙም ያንን ቢያውቅስ?»

«ቢያውቅማ ሌላ የሚሞክረው ነገር ይኖረው ነበር» አለች ኑርሀን።

ሙኒያ ከሥራ ስትመለስ ሸፊቃ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

«ሐኪሙ ሲጠይቅ አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ሰምተሽዋል።»

«ሰምቼዋለሁ።»

ሙኒያ አልጮኸችም። ገብታ በሯን ዘጋች። በሳምንቱ ዕቃዋን ጭና ሳቢያን ሰፈር ወዳለ ዘመዷ ቤት ሄደች፤ ሸፊቃን አልተሰናበተቻትም።

ክረምቱ ሲያልቅ፣ ገበያ ላይ አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠውን ኢድልን ማዞር ጀመራት። «ያንቺን ኪኒን እስቲ ሁለት ፍሬ» አለቻት። ሸፊቃ ሸቀጣቸውን በሸራ ሸፈነችና እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ምርመራው የደም ማነስ መሆኑን አሳየ። ኢድል የጤና መድን መታወቂያዋን አሳይታ፣ ከኪሷ ሳታወጣ መድኃኒቷን ተቀበለች፤ አወሳሰዱንም አስረዷት።

በሩ ላይ ስትደርስ ሳቀች። «በቃ? ይኼው ነው? እኔኮ ስንት ነገር አስቤ ነበር የፈራሁት!»

ሸፊቃ ባጃጅ አስቆመችና ኢድልን አስቀድማ አስገባቻት።