ከሳሎኑ በታች

የዶዘሩን ሹፌር የሥራ ባልደረቦቹ «ጥድፌ» ይሉታል። ስም ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም፤ ልጁ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ክፋቱ ታላቅ እህቱ እዚያው መሰርሰሪያ ማሽን ላይ ናት፤ የእሷ ሥራ ደግሞ ሰው ማስቆም ነው።

የሚንዱት የጥንት ማዕድን ቆፋሪዎች ከምድር ሆድ እያወጡ የከመሩትን የድንጋይ ኮረብታ ነበር። ከሥሩ የእነሱ ጉድጓድ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ አፉ የት ላይ እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው። ስለዚህ እህትየው ከኮረብታው ዳር፣ ጠንካራ መሬት ላይ ሆና፣ ረጅሙን ዘንግ አጋድማ ወደ ክምሩ ሥር ትሰደዋለች። መሐንዲሱም እሷ ያልመረመረችውን ቦታ ማንም እንዳይነካ አዟል።

«እታለም፣ ከድንጋይ ሥር ድንጋይ እንጂ ምን ልታገኚ ነው?» ይላታል ጥድፌ በሬዲዮ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ትለዋለች።

«እኔ እንደሆን አፍሼ የምለቅምበት ዶዘር አለኝ!»

ያን ቀን ተራውን የሚጠብቀው ሳሎኑ ላይ ነበር። ሳሎን ያሏት ኮረብታው አናት ላይ ያለችውን ለጥ ያለች ቦታ ነው። ማሽን የሚቆመው ሜዳ ላይ ነው ተብሎ ያልተማረ ሹፌር የለም፤ በዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት መካከል ደግሞ ሜዳዋ እሷ ብቻ ናት። እናም ሁሉም እዚያ ያቆማል፣ እዚያ ምሳውን ይበላል፣ እዚያ ያሸልባል። ማቆምም መንካት ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም፣ መሐንዲሱም ጭምር። ጥድፌማ ሞተሩ ሲሠራ መሬቷ ከሥሩ ለስለስ ብላ ስለምትወዛወዝ «ሳሎኑ እሹሩሩ ይለኛል» እያለ ይምል ነበር። ባልደረቦቹ ይስቁበታል።

ሞተሩን ሊያስነሣ እጁን ወደ ቁልፉ ሲዘረጋ ሬዲዮው ጮኸ።

«እንዳታስነሣው!» የእህቱ ድምፅ ነው፤ እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም።

«ምን ሆነሻል?»

«ዘንጉ ወደቀ። ድንጋይ ሲበላ ቆይቶ ባዶ ውስጥ ገባ። አንተ ሥር ነው፣ ወንድምዬ። አንተ ሥር ምንም የለም።»

ጥድፌ እጁን ከቁልፉ መለሰ። መሐንዲሱ ሬዲዮውን ተቀብሎ በሩን ቀስ ብሎ እንዲከፍት፣ እንዳይዘልም ነገረው። ከተመረመረው ጎን ሆነው ገመድ ወረወሩለት፤ ወገቡ ላይ አሰረና በሆዱ ተሳበ። ሲፈጠር ጀምሮ እንዲያ ቀስ ብሎ አያውቅም። አንዲት ጠጠር በተንከባለለች ቁጥር ነፍሱ አብራት ትንከባለላለች። ዳር ሲደርስ እህቱ ልትመታው እጇን አንሥታ አቀፈችው።

ከዚያ በዘንጉ ቀዳዳ መብራት ያለው ካሜራ ሰደዱ። ሁሉም ትንሿን ስክሪን ከበበ።

ከሥር አዳራሽ ነበር። መብራቱ ግድግዳው ድረስ አልዘለቀም። ከላይ ግንድ በግንድ ላይ ተረብርቦ፣ አንዱ የሌላውን ወገብ ይዞ፣ ያንን ሁሉ ኮረብታ ከነዶዘሩ ተሸክሟል። ሚስማር የሚባል ነገር የለም፤ ግንድ ከግንድ የገጠመው በመጥረቢያ በወጣ ጥርስ ነው። ሰዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ የጉድጓዱን አፍ በግንድ ከድነው፣ ድንጋዩን ከላዩ ደፍተው ሄደዋል። ማን እንደነበሩ የሚያስታውስ የለም፤ የእጃቸው ሥራ ግን ዛሬ ጠዋት የጥድፌን ነፍስ ይዞ ውሏል። ሳያስበው ሄልሜቱን አወለቀ።

«አጀብ ነው» አለ መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይህን በአሸዋና በሲሚንቶ ሞልተን ሳናደነድን ዶዘሩ አይነካም። ቢከርምም ይክረም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይክረም» የሚለው ቃል ጥድፌን ያሳብደው ነበር። አሁን ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ልክ ዶዘሩ ሥር አንዱ ግንድ ተሰንጥቋል። ሌላው እንጨት ሁሉ ከሰል መስሏል፤ የስንጥቁ ውስጥ ግን ነጭ ነው፣ ትኩስ ስብራት።

ከሩቁ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ስክሪኑ ላይ ግንዱ ለስለስ ብሎ ወደ ታች ጎበጠ፤ ተመልሶም ቀና አለ።

ጥድፌ የእህቱን እጅ ፈልጎ ያዘ።

«እታለም» አላት፣ «እሹሩሩ ሲለኝ የነበረው እሱ ነው።»