በቀይ የተጻፈ «ታይቷል»

መሥሪያ ቤታችን አንድ ሕግ ነበረው። ፕላን ላይ ጥያቄ ያለው ሰው፣ አለቃም ይሁን ተለማማጅ፣ ጥያቄውን በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ይጽፋል። ፈራሚው መሐንዲስ ያነበዋል፣ ያስብበታል፣ ከዚያ አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» ብሎ ይጽፋል። በእርሳስ የተጻፈው ሁሉ ቀይ እስኪያገኝ ማህተም አይመታም። ፈራሚው መሐንዲስ እኔ ነበርኩ፤ ሕጉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያፈረስኩትም እኔ ነኝ፤ ይህቺን ሁለተኛዋን ለመናገር ግን አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ አሥራ አንድ መሐንዲስና ሁለት መኪና፣ አንደኛው በግፊት የሚነሳ። አለቃችን ልበ ሰፊ ሰው ነው። ዝናም ይወዳል፤ ሁለቱን መለየት ለእሱም ለእኛም ይቸግረን ነበር። በየዓመቱ አራት የመጨረሻ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች ተቀብለን እናለማምዳለን፤ ከእነሱ ጋር ሆነን ደግሞ ለሰፈሩ አንድ ነገር በነጻ እንሠራለን። አንድ ዓመት የእግረኛ ድልድይ ሠራን፤ አንድ ዓመት የጤና ጣቢያውን ጣሪያ። በዚያ ዓመት ተራው የትምህርት ቤቱ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ከኮረብታ ሥር ስለሆነ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ እየተናደ ግቢው ይገባል። አፈሩን የሚይዝ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ልንሠራላቸው ቃል ገባን።

ከአራቱ ተለማማጆች አንዷ የዚያው ሰፈር ልጅ ነበረች፤ ፊደል የቆጠረችው በዚያው ትምህርት ቤት ነው። አባቷ ግንበኛ ነው። እኔ «እሜቴ ለምን» የሚል ስም አወጣሁላት፤ ቢሮው ሁሉ ተቀበለው። ጠዋት ገብታ ደህና አደሩ ሳትል በፊት «ጋሼ፣ ይሄ ብረት ለምን እዚህ ጋ ጠጋ ጠጋ አለ?» ትላለች። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ ሳላውቀው ስቀር «ሂጂ ሻይ ጠጪ» እላታለሁ። እየቆየች ነቃችብኝ። «ጋሼ፣ ይመልሱልኛል ወይስ ሻይ ልጠጣ?» ትለኝ ጀመር። ወደድኳት። ልጅ የለኝም፤ ቢኖረኝ እንዲህ ያለ ነዝናዛ ይሁንልኝ ብዬ አስብ ነበር።

የግድግዳውን ፕላን አብረን ነደፍነው። መጀመሪያ ሲነደፍ በየሁለት ሜትሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ነበረው። ከግድግዳ ጀርባ የሚጠራቀም ውሃ ከአፈሩ ይልቅ ይገፋል፤ ሾልኮ የሚወጣበት ይተውለታል።

«ይሄን አባቴም ያውቀዋል» አለችኝ። «ውሃ መውጫ ካልሰጡት ራሱ ያበጃል ይላል።»

«እንግዲያው አባትሽ ነው መሐንዲሱ» አልኳት። ደስ ብሏት ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።

አለቃችን ግን ፕላኑን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። ግድግዳው ላይ የድርጅቱን አርማ በትልቁ ሊያስቀባ አስቧል። «ከእነዚህ ቀዳዳዎች ጭቃ እየወረደ ቀለሙን ያዝረከርክብኛል። ሌላ መላ የለውም?» አለ። መላ አለው። ከግድግዳው ጀርባ ጠጠር ሞልቶ ቱቦ መቅበር፣ ውሃውንም በጎን ማውጣት ይቻላል። «አለው» አልኩና ቀዳዳዎቹን ከፕላኑ ላይ አነሳሁ። ቱቦውን ነገ እነድፈዋለሁ ብዬ አሳደርኩት። ነገ ሌላ ሥራ መጣ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። በሳምንቱ ጨርሶ ከአእምሮዬ ወጣ።

ማህተም የሚመታበት ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሉህ ተከምሯል። ስልኩ ይጮኻል፤ ፎርማኑ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ የምረቃው ቀን ተቆርጦ እንግዶች ተጠርተዋል። አምስተኛው ሉህ ኅዳግ ላይ የልጅቷን የእርሳስ ጽሑፍ አየሁ፤ ክብ ክብ ያለ የተማሪ ፊደል። «ደሞ ጀመረች» ብዬ ሳቅሁ። ሳላነበው «ታይቷል» አልኩበት፤ ማህተሜንም መታሁ። እሷ አጠገቤ ቆማ ነበር። ቀዩን አየችው፤ የሆነ ነገር ልትል ብላ ተወችው። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ አይታወቀውም።

ምረቃው ያማረ ነበር። እብነበረድ ላይ «ይህ ግድግዳ በተለማማጅ ተማሪዎቻችን ተነድፎ ለትምህርት ቤቱ ተበረከተ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የአራቱ ስም፣ የእሷ ከሁሉ በላይ። የአለቃችን ሐሳብ ነው፤ ይህን እንኳ ከልቡ ነው ያደረገው። አባቷ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጥቶ ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን እግር እያየ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ።

«ቀዳዳ የለውም እንዴ?» ሲላት ሰማሁ።

«መሐንዲሱ አይተውታል፣ አባዬ» አለችው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ያኔ ነበር። ቱቦው ያኔ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፎቶ እንነሳ ተብሎ ተጠራሁና ሄድኩ።

ግድግዳው ሦስት ወር ሳይሞላው፣ አራት ቀን ያላባራ ዝናብ ዘንቦ፣ እሁድ ከሰዓት ወደቀ። ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። ሰኞ በጠዋት ቢሮ ገብቼ አምስተኛውን ሉህ አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። «ጋሼ፣ ቀዳዳዎቹ ከተነሱ ውሃው በየት ይወጣል?» ይላል። አጠገቡ በቀይ፣ በገዛ እጄ፣ «ታይቷል»። ሉሁን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሦስት ሰዎች ሊጠይቁ መጡ። አለቃችን በትሕትና ተቀበላቸው። «የነደፉት ልጆቹ ናቸው። ለወጣት ዕድል ስንሰጥ ስህተትም አብሮ እንደሚመጣ እናውቃለን። በራሳችን ወጪ መልሰን እንሠራዋለን» አላቸው። እብነበረዱም የሚለው ይህንኑ ነው። ሰዎቹ አመስግነው ተነሡ። እኔ አለቃዬ ጎን ተቀምጫለሁ፤ ሉሁ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ሲወጡ አለቃችን ትከሻዬን መታ አደረገና «ዝም አይነቅዝም» አለኝ። የሃያ ስድስት ዓመት ስሜን ያጠፉብኛል፣ የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። አፌን ለጎምኩ።

ግድግዳው ከነቀዳዳው እንደገና ተሠራ፤ ጉዳዩንም ውሃ በላው። እሜቴ ለምን ግን ከዚያ ሳምንት ወዲያ ቢሮ አልመጣችም። ለመመረቅ አንድ መንፈቅ ሲቀራት ትምህርቷን ተወች ሲሉ ሰማሁ። ሰፈሩም «የግንበኛው ልጅ የጣለችው ግድግዳ» ይል ጀመር አሉ። ልደውልላት ስልኩን አነሳለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች አራት ተማሪዎች መጡ፤ ስለ ጥንቃቄ ንግግር አደረግሁላቸው።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። የመሳቢያዬን ዕቃ በካርቶን ይዤ ቤት ስገባ ሉሁን ባለቤቴ አገኘችው። አስተማሪ ስለነበረች እጇ የገባ ወረቀት ሳይነበብ አይቀመጥም።

«ይቺ ልጅ አሁን የት ናት?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። «እኔኮ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያልከው እርጅና ነው ብዬ ነበር» አለችና ተነሥታ ሄደች።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ተማሪዋ አስቀድማ ጠይቃ እንደነበር፣ እኔ እንደፈረምኩበት ገለጽኩ። ሉሁን አያያዝኩና መጀመሪያ ለእሷ ላሳያት ሄድኩ። ከአባቷ ጋር የመጋዘን አጥር ስትገነባ አገኘኋት። እጇ ላይ ሲሚንቶ፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ አለ። ስታየኝ ውሃ ልኳን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። አባቷ ከላይ ከመወጣጫው እንጨት ላይ ሆኖ አየኝና ሥራውን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለችኝ፣ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ።

«ጠይቂኝ።»

«ያን ቀን ጥያቄዬን ሲያልፉት ምን አስበው ነው?»

ሂጂ ሻይ ጠጪ የምልበት ጊዜ አልነበረም። «አላነበብኩትም» አልኳት።

«እኔ ያነበቡት ነበር የመሰለኝ» አለች። «አንብበው፣ አስበው፣ ልክ አይደለሽም ያሉኝ። ሲወድቅ እንኳ ውሃው አይደለም አልኩ፤ ውሃውንማ ጋሼ አይተውታል፤ ሌላ እኔ ያበላሸሁት ነገር አለ አልኩ። ሒሳቡን ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አልነግርዎትም። ስህተቴን ማግኘት ሲያቅተኝ፣ ይሄ ሙያ የኔ አይደለም ብዬ ተውኩት።»

ይህን አላውቅም ነበር። ያባረራት የሰፈር ሐሜት ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ። ያባረራት የእኔ ቀይ ቃል ነው። ስላመነችኝ ነው የጎዳኋት። ይቅር በይኝ ብዬ ደብዳቤውን ዘረጋሁላት።

ደብዳቤውን ተቀበለችኝ። እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው። «መፈረምዎን ጽፈዋል፤ ሳያነቡ መፈረምዎን ግን አልጻፉም» አለች። ከዚያ እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ኅዳጉ ላይ ጻፈችና መለሰችልኝ። «ለምን እስካሁን?» ይላል።

ቀዩ እስክሪብቶ ዛሬም ከደረት ኪሴ አይጠፋም። አጥሩ ላይ ተደግፌ «ሳላነብ ነው የፈረምኩት። እስካሁን ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ድንጋዩ ሻካራ ነበር፤ ፊደሉ አላማረም።

«በንጹሕ ልገልብጠው» አልኳት።

«አይገልብጡት ጋሼ። እንዳለ ይለጠፍ።»

«ትምህርትሽንስ? ቢፈቅዱልሽ እኔ ራሴ ሄጄ…»

«ሲሚንቶው እየደረቀብን ነው» አለችና ውሃ ልኳን አነሳች።

ከዚያው በቀጥታ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ሲያነበው ቆየና ላጲስ አወጣ፤ ደግ ሰው ነው፣ ሊያድነኝ ፈልጎ ነው። «ይቺ በእርሳስ ያለችው ብትጠፋ አይሻልም?» አለኝ።

«አትንኳት» አልኩት። «የእሷ ጥያቄ ናት።»