የእቴቴ ክንድ

ሹፌሯ ያን ጠዋት ፍርድ ቤት የሄደችው እንደ ሚዜ ለብሳ፣ አክስቷን ጋቢና አስቀምጣ፣ እያንጎራጎረች ነው። ምን ያስፈራታል? በጭነት መኪና ያልወጣችው ዳገት የለም፤ አንድ አሮጌ ሪከርድ ማሰረዝ እንዴት ያቅታታል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ልትይዝ ነው። ልጆች የሚያመላልስ ሰው ግን የወንጀል ሪከርድ ሊኖርበት አይገባም ተብላለች፤ እሷ ደግሞ ሰው በመደብደብ የተፈረደባት ናት።

የደበደበችው እኚህኑ አክስቷን፣ ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ የሚላቸውን ነው። እናቷ በሞተች ሰሞን እቴቴ የሟችን ልብስ ከነሻንጣው፣ ሳይጠይቋት፣ ለጎረቤት አድለው ጠበቋት። ልጅቷ ነደደች። በመጥረጊያ እንጨት ክንዳቸውን አለቻቸው። ተከሰሰች፣ ተፈረደባት፣ ቅጣቷንም ጨረሰች።

እቴቴ ከዚያ ወዲህ ይቅር ብለዋታል፤ ይቅርታቸውንም በየድግሱ ይዘው ይዞራሉ። እጅጌያቸውን ሰብሰብ ያደርጉና «እዚህ ጋ ነው የሰበረችኝ፤ ግን ሥጋዬ ናት፣ ምን ላድርጋት» ይላሉ። ሰው ከንፈሩን ይመጥላቸዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እቴቴ ግን አለመርሳቱ ሳያንሳቸው በላይ በላዩ ይጨምሩበታል። መጀመሪያ አንድ ቦታ የተሰበረው ክንድ ዓመት በመጣ ቁጥር ስብራቱ እየበዛ ሄደ። ሹፌሯ አጠገባቸው ተቀምጣ ትሰማለች እንጂ አንድም ቀን ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ አጎቶቿና የማታውቀው ነገር የሌላት አንዲት የቤተሰቡ ምራት ተደርድረዋል። ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው እቴቴን ጠየቁ፤ ተበዳይ እርስዎ ነዎት፣ ሪከርዱ ቢሰረዝላት ተቃውሞ አለዎት? የሚጠበቅባቸው «የለኝም» ማለት ብቻ ነበር። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እቴቴ ሰዉንና ጸጥታውን ሲያዩ እጃቸው በልማድ ወደ እጅጌያቸው ሄደ።

«ክቡር ዳኛ፣ ክንዴን ሁለት ቦታ ሰብራኝ ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ውያለሁ። እስካሁን ጣቴ አይታዘዘኝም። እንዲያም ሆኖ ይቅር ብያታለሁ።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የሐኪሙ ማስረጃ እብጠት ብቻ እንደሚል፣ የተፈረደባትም በቀላል ጉዳት እንደሆነ ተናገሩ። አጥንት ተሰብሮ ከሆነ ግን ዛሬ አይወስኑም፤ ነገሩን ዐቃቤ ሕግ እንዲያየው ይልኩታል። የሹፌሯ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንግጥ አለ። ትምህርት ቤቱ ከሰኞ በላይ አይጠብቃትም።

«እንግዲህ ያስረዱኝ» አሉ ዳኛው፣ «ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም?»

እቴቴ ዞር ብለው አግዳሚውን አዩ። ለዚህ ክንድ ያዘነ ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። ከዚያ ሹፌሯን አዩ። እብጠት ብቻ እንደነበረ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ግን አክስቷን በሰው ፊት ውሸታም ከምትል ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። በዓይኗም አልለመነቻቸውም።

እቴቴ እጅጌያቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«አብጦ ነበር፤ በሳምንቱ ዳነ» አሉ። «ስብራቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ፤ ያቺ ምራት መሆን አለባት። ዳኛውም ፈገግታቸውን ወረቀት ላይ አቀርቅረው ደበቁና ሪከርዱ እንዲሰረዝ አዘዙ። ሹፌሯ በጣም ደስ አላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ እቴቴ እንደገና ጋቢና ተቀመጡ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አሉ።

«የሐኪሙን ማስረጃ ችሎት ፊት አቁመው ነው ያነበቡልኝ፣ እቴቴ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስዋሽብሽ ምነው ዝም አልሽ?»

ማርሽ እየቀየረች መለሰችላቸው። «ባይሰበርም የመታሁት እኔ ነኝ።»

እቴቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አውራ ጎዳናውን ጨርሰው ወደ ሰፈራቸው ሲታጠፉ፣ ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

«የእናትሽን ሻንጣ ሳልጠይቅሽ መስጠት አልነበረብኝም። ይቅር በይኝ።»

ዳኛም፣ ዘመድም፣ ይህን ማንም ብሏት አያውቅም። ሹፌሯ ፍሬቻ አብርታ መኪናውን ዳር አስያዘች። እያለቀሰች አትነዳም።