«እምዬ» የተባለው ዋይፋይ

መምህርቷ ዛሬስ አልሸነፍም ብላ ነው የተነሳችው። በኢንተርኔት ሒሳብ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ቁርጡን ነግሯታል፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ትምህርት እንደገና ከተቋረጠ ተማሪዎቿ ለሌላ መምህር ይሰጣሉ። እሷ፣ ክፍልፋይ ስታስረዳ ልጅ ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚሰማት ሴት፣ እፍኝ በማታህል የዋይፋይ ሳጥን ምክንያት ሥራዋን ልታጣ? ሞቼ ነው!

«ቆይ ብቻ፣ የት ትገቢያለሽ!» አለቻት ሳጥኗን።

ሳጥኗን አጥፍታ አበራች። ኮምፒውተሩንም እንዲሁ። ሶፍትዌሩን አደሰች፣ ሽቦ ቀየረች። ሳሎን ሲሆን ኮምፒውተሩ እሰየው ነው። የሚለግመው የኋለኛው ክፍል ሲገባ ነው፤ ሲግናሉ ሞልቶ እየታየ ቪዲዮው ትንሽ ይሄድና ድርቅ ይላል። ሳሎን ሆና እንዳታስተምር ደግሞ መስኮቱ ሥር የአውቶቡስ ፌርማታ አለ፣ ጡሩንባው ጆሮ ይበጥሳል።

በመጨረሻ፣ ንዴት ይሁን ብልሃት እግዜር ይወቀው፣ ሳጥኗን ከሶኬቱ መዥረጥ አድርጋ ነቀለቻት። «አሁን ይለይልን!» ብላ ወደ ኋለኛው ክፍል ተመልሳ ኮምፒውተሩን አየች። «እምዬ፦ ተገናኝቷል» ይላል። ቪዲዮ ብትከፍት ይሄዳል።

ጉድ ፈላ! ሮጣ ሳሎን ገባች። ሳጥኗ ጨልማለች፣ ሽቦዋ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ወንበር ስባ ቁጭ አለች። «እምዬ» ብላ ስም ያወጣችው ራሷ ናት። የይለፍ ቃሉም የእናቷ የድሮ የቤት ስልክ ቁጥር ነው፤ መስመሩ ከተቆረጠ ቆይቷል፣ ቁጥሩ ግን ከልቧ አልወጣም። ይህን ስም ከዚህ ቁጥር ጋር የሚያገናኝ ሌላ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ታች ቤት፣ ልክ ከኋለኛው ክፍል ሥር የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ። ኮምፒውተሩ ስሙም የይለፍ ቃሉም አንድ ቢሆንበት ሁለቱን ሳጥን እንደ አንድ ቆጥሮ፣ ሲያሻው ላይ ሲያሻው ታች ይመላለስ ኖሯል። በተሻገረ ቁጥር ትምህርቱ ይቋረጣል።

ከወንድሟ ጋር የተኳረፉት የእናታቸውን ዕቃ ሲካፈሉ ነው። በአንድ ቁም ሣጥን! ያውም በሩ በማይዘጋ! ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወረደችና አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ዋይፋይህን ማን ብለኸዋል?»

ወንድሟ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ «ምን አገባሽ?» ሊላት ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

«እምዬ።»

«እኔም።»

«ቁጥሩም?»

«ቁጥሩም።»

በሩን ደገፍ አለ።

«አንዳችን መቀየር አለብን» አለችው። «እየተምታታ ሥራዬ ሊሄድብኝ ነው።»

«የሷን ስም አልቀይርም።»

«እኔም አልቀይርም።»

ከዚያ ወንድሟ ወደ ውስጥ ገባና ሳጥኑን ነቅሎ ከነሽቦው ይዞት መጣ። «በይ ሂጂ አስተምሪ፣ ሚጣ» አለ። ሚጣ ብሎ ከጠራት ስንት ጊዜው! እንባዋ መጣ፤ ደግነቱ ሳያያት ደረጃው ላይ ጠረገችው።

የራሷን ሳጥን መልሳ ሰካች፤ ትምህርቱ አንዴም አልተቋረጠም። መምህርቷ እንደዚያ ቀን አስተምራ አታውቅም፤ የልጆቹ እጅ እንደተሰቀለ አለቀ። አለቃዋም ወዲያው «ተማሪዎቹ ያንቺው ናቸው» ብላ ጻፈችላት።

ገና ሰሌዳውን ስትጠርግ በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ኮምፒውተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆሟል።

«እኔም እኮ ሥራ አለብኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል!»

ከተጣሉ ወዲህ ይህን ቤት ረግጦት አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ቦታ ለቀቀችለት። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት «ቆይ፣ ቁጥሩን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ክዳኑን ገና ሲከፍተው፣ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ተገናኘ።